«ኑ» ያልኩበት እጅ

ሰውን ለማስደሰት ስትጣደፍ ነገር የምታበላሽ ሰው አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔ አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የማጥብላት እኔ ነኝ።

እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የታሪክ መምህራችን በሚሲሲፒ ወንዝ በመርከብ ሴንት ፖል የሚደርሱ አረጋውያን ጎብኚዎችን ተቀብዬ ወደ አውቶቡስ እንድመራ አደራ ሰጡኝ። ከክፍሉ ሁሉ እኔን! የከተማዋን ታሪክ ከአባቴ የዘር ሐረግ አስበልጬ አጠናሁ።

መርከቧ ደረሰች፤ እንግዶቹም ወርደው ወንዙ ዳር ቆሙ። እኔ ከአውቶቡሱ አጠገብ ሆኜ፣ እናቴ ከጎረቤት ስትጠራኝ እንደምታደርገው፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ ጣቶቼን እያጠፍኩ ጠራኋቸው። ፈገግ ብለው እነሱም እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ግን ንቅንቅ የለም። አጥብቄ ስጠራ አጥብቀው አወዛወዙ። አንዱማ የካሜራውን ፊልም እኔ ላይ ጨረሰ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ሾፌሩ፣ የወሎው ጋሽ ሰይድ፣ በመስኮት ብቅ ብለው። «እዚህ አገር እሱ ‹ባይ› ማለት ነው። ሳይገቡ ሸኘሻቸው እኮ!»

መምህሩ ከሩቅ ያዩኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮጬ ሄጄ፣ በእኛ አገር ይህ ምልክት «ኑ» ማለት መሆኑን ለአንዲት አሮጊት አስረዳሁ። እሳቸውም በጣም ተደስተው ለጓደኞቻቸው ሁሉ አስተማሩ።

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ጎብኝተው ተመልሰው ተሳፍረው መርከቧ ልትነሳ ስትል፣ አሁንስ አልሳሳትም ብዬ፣ መምህሩ እያዩኝ፣ እንደ አገሬው ‹ባይ› ለማለት ጣቶቼን እያጠፍኩ እጄን አወዛወዝኩ።

አሮጊቷ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ከመርከቧ ወረዱ።

«ጠራሽን አይደል? ይኸው መጣን!»