ይግባኝ የማይል ጎረቤት

ክርክር ሲያልቅበት የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሶዶ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ የቦዲቲውን አቶ ዳናን አይቻለሁ። ድንበር ላይ በበቀለች አንዲት እንሰት ጎረቤታቸውን ከስሰው ወረዳ ላይ ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ብለው ዞን ላይ ረቱ። «እንኳን ደስ አለዎት» ብላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የምን ደስታ? ሰውዬው ደክሞኛል፣ እንሰቷን ውሰድ አለኝ። የይግባኙ ጊዜ ሊያልፍ ነው። ሽማግሌ ብልክበትም እምቢ አለ።»

«ሽማግሌ? እንዲያስታርቃችሁ ነው?»

«ምን ያስታርቀናል? ይግባኝ እንዲል ነው እንጂ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በል ጻፍ፤ ይግባኝ እንዲል ይገደድልኝ በል።»

«ይህማ ውድቅ ይሆናል» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «እሱንማ ይግባኝ እልበታለሁ።»