ጋሼ ካልሆነስ እና የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ፣ አንድ «ካልሆነስ» የሚል ሰው አያጣም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ እየጠበቀው «የሚቀጥለው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ሰው ሁሉ ተስማምቶ፣ ወንበሩን ገፍቶ ሊነሣ ሲል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጥሩ፤ ካልሆነስ?» ይላል። ሰው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል።

ለአንዲት የመንገድ መሐንዲስ የደረሷት የነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ። ወደ ከተማው የሚያስገባውን ትልቁን መንገድ በሌሊት እየዘጉ አስፋልቱን መቀየር ሲጀመር፣ የሌሊቱ ሥራ ተጠሪ ሆና የተመደበችው እሷ ናት፤ ፕሮግራሙን የሚያወጡትና ሠራተኛውን የሚያሰማሩት ፎርማን ደግሞ ክቡር ጋሼ ካልሆነስ ሆኑ። ስሙን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው። ፊት ለፊት ሲሆን «ጋሼ» ብሎ ያቆማል፤ ዞር ሲሉ የቀረውን ይጨምርበታል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አንዱ መስመር ይዘጋል። መፋቂያው ማሽን ያረጀውን አስፋልት ይልጣል፣ ገልባጭ መኪናዎች ከማምረቻው ትኩሱን ያመጣሉ፣ ይነጠፋል፣ በሮለር ይዳመጣል፣ ይቀዘቅዛል። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መስመሩን የዘጋው ኮን ተነሥቶ መንገዱ ይከፈታል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ከተማው በሙሉ ሥራ ይረፍድበታል። የተላጠ መንገድ ሳይነጠፍ ከነጋበት ደግሞ ነገሩ ማርፈድ ብቻ አይደለም፤ መኪና ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ጋሼ ይህን ሥራ የሚያቅዱት በሦስት ዓምድ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ሁሉ ኮንቴይነሩ ቢሮ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ ወረቀታቸውን ይዘረጋሉ። የመጀመሪያው ዓምድ ሰዓት፣ ሁለተኛው ሥራ፣ ሦስተኛው «ካልሆነስ» ይላል። ሦስተኛው ከሁለቱ ድምር ይረዝማል። ጄኔሬተሩ ቢጠፋ፣ መጠባበቂያው ጄኔሬተር ባይነሣ፣ መጠባበቂያውን የሚያስነሣው ልጅ ሆዱን ቢያመው። ሁሉም ጥያቄ ፊት ለፊቱ መልስ አለው፤ መልሱም በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው።

ሦስት የእጅ ባትሪ ይይዛሉ፤ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ያኛው ቢጠፋ፣ ሦስተኛው ባትሪ የረሳ ሰው ቢለምናቸው። የአስፋልቱን ሙቀት የሚለኩት በሁለት ቴርሞሜትር ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚያምኑት ሥራ የሚያረዝመውን ነው። የፕሮግራሙ አንድ ቅጂ ኪሳቸው፣ አንድ ቅጂ ፒካፑ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ ጥበቃው ዘንድ ይቀመጣል። ጥበቃው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «እኔ በመሃል ብሞት ሥራው ለምን ይቆማል?» አሉት። ሰውየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱን የሚይዘው በጣቱ ጫፍ ነው። ልጃቸውን በዳሩ ጊዜ ሁለት የሙሽራ መኪና ተከራይተው ነበር ይባላል። «ሙሽራው ቢቀርስ?» ብለው ጠይቀዋልም ይባላል፤ ሙሽራው አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

አፈኛው ሮለር ነጂ አንድ ቀን ስብሰባው ረዝሞበት «ጋሼ፣ ነገ ፀሐይ ካልወጣችስ?» ሲል አሾፈባቸው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ግን ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው «ፓውዛው አለ። ነዳጁ እስከ ቀን ስድስት ሰዓት ይበቃል» አሉና ወደሚቀጥለው መስመር ሄዱ።

መሐንዲሷ መጀመሪያ አንድ ነገር ደርሶባቸው ይሆናል ብላ አስባ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መቼም በባዶ ሜዳ አይፈጠርም፤ አንድ ቀን አንድ መንገድ ላይ አንድ ክፉ ነገር አይቶ ይሆናል። በአሥረኛው ሌሊት አስፋልቱ እስኪቀዘቅዝ ፒካፑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ በሥራ ላይ ምን ደርሶብዎት ነው?»

«እኔ?» አሉ ጋሼ። «ምንም።»

«በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ?»

«ምንም ደርሶብኝ አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይኸው ነዋ» አሉና ቴርሞሜትራቸውን ሊያዩ ወረዱ።

እንዲህ እያለ አርባ ሰባት ሌሊት ሆነ። መሐንዲሷ ጠዋት ቤቷ ትገባለች፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ ትተኛለች፣ ጎረቤት ምንጣፍ ሲያራግፍ ትነቃለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ዓይኗ ደም ለብሷል። የአራት ዓመት ልጇን የሚያስተኛት ባሏ ነው። ልጅቷ ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ «እማዬ የምትኖረው ሥራዋ ጋ ነው፤ እኛ ቤት ለመተኛት ብቻ ትመጣለች» አለቻት አሉ። አስተማሪዋ እየሳቀች ለአባትየው ነገረችው፣ አባትየው እየሳቀ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ አልሳቀችም።

እናም በአርባ ሰባተኛው ማታ የቀረው መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። ይህ ካለቀ የሌሊት ሥራ የሚባል ነገር አከተመ። ከቤት ስትወጣ በልጇ ፊት በርከክ ብላ «ነገ ማታ የማስተኛሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ልጅቷም «እሺ» አለች፣ ብዙ ቃል እንደተገባለት ትልቅ ሰው።

የዚያን ሌሊት ሒሳብ ግልጽ ነበር። ለመላጥና ለመጥረግ አንድ ሰዓት፣ ለማንጠፍና ለመዳመጥ አንድ ሰዓት፣ ለማቀዝቀዝ አንድ ሰዓት። ስለዚህ መፋቂያው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካልገባ መንገዱ በአስራ አንድ አይከፈትም። ጋሼ ደግሞ በሦስተኛው ዓምድ፣ አስፋልት የጫኑት መኪናዎች በዓይን ሳይታዩ መፋቂያው እንዳይገባ ጽፈው ነበር።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድም መኪና አልነበረም።

«ስድስት መኪና ጭነን ልከናል ብለዋል» አለቻቸው መሐንዲሷ፣ ስልኳን እያሳየች።

«ሲወጡ ያየ አለ?»

«የማምረቻው ተረኛ ነው የነገረኝ።»

«እሱ አይቷል ወይስ ለሱም ተነግሮት ነው?»

ደወለች። ተረኛው በእንቅልፍ ድምፅ ወጥተዋል አለና ዘጋባት። ለሾፌሮቹ ደወለች፤ አንዱም አያነሣም። የመፋቂያው ነጂ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ አንዴ እሷን አንዴ ጋሼን ያያል።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ይግባ።»

«ልጄ፣ ልጠነው መኪናው ካልመጣስ? ሁለት መቶ ሜትር ጉድጓድ በምን እንሞላዋለን፣ እኔና አንቺ ተጋድመንበት?»

«ይመጣሉ።»

«ይመጡ ይሆናል።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። የበላይዋ እሷ ናት፤ «ይግባ» ብትል ይገባል። ይህን ጋሼም ያውቃሉ፣ ነጂውም ያውቃል። መንገዱን አሻግራ አየች። ፓውዛው ከሚያበራው ወዲያ ጨለማ ብቻ ነው። ልጇ ትዝ አለቻት፤ ቀጥሎ ደግሞ ሥራ የረፈደበት ሞተረኛ በጠዋት ጭጋግ እየተፈተለከ መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ታያት። ይህን ሞተረኛ እዚያ ያስቀመጡባት ጋሼ መሆናቸውን ታውቃለች፤ በአርባ ሰባት ሌሊት ውስጥ ጭንቅላቷ ውስጥ ያልጨመሩት ነገር የለም።

«ደከመኝ፣ ጋሼ። ልጄን ነገ ማታ አስተኛሻለሁ ብያት ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እሺ። አይላጥ» አለችና የራስ ቁሯን አውልቃ ፒካፑ ላይ ወረወረችው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ከጨለማው ውስጥ መብራት ብቅ አለ። ከኋላው ሌላ፣ ከሱ ኋላ ሌላ። ስድስቱም መኪናዎች ተሰልፈው፣ የጫኑት አስፋልት እየጨሰ፣ መጥተው ቆሙ። ክብደት መመዘኛው ጋ አቁመዋቸው ነው የዘገዩት። ጋሼ በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ፤ ደገሙና ቆጠሩ።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው እኮ ያለፈው» አለ ሮለር ነጂው።

መሐንዲሷ ጋሼ አንድ ነገር እስኪሉ ጠበቀች። ጋሼ ግን መኪናዎቹን ሦስተኛ ጊዜ መቁጠር ጀምረዋል። «አሁን ጀምረን በአስራ አንድ ከከፈትነው ያልቀዘቀዘ አስፋልት ላይ ነው መኪና የምንለቀው፤ ጎማው ገና ዛሬ ያቦካዋል» ስትል መለሰችው እሷ ራሷ። ስድስቱ መኪናዎች ዞረው ሄደው ጭነታቸውን የማምረቻው ግቢ ጥግ ደፉት። እዚያው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ባሏ ሲነቃ እንዲያየው «ዛሬ ማታም የለሁም» የሚል መልእክት ጻፈችለትና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ሥራ አስኪያጅ መንገዱ በሰዓቱ ተከፈተ ብሎ ለማመስገን ደውሎ አያውቅም።

«ስድስት መኪና አስፋልት ተደፋ የሚሉኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ማነው ሥራውን ያስቆመው?»

እንግዲህ ይህን ጥያቄ አርባ ሰባት ሌሊት ስትጠብቀው ኖራለች። ጋሼ አንድ ቀን ቢሳሳቱና፣ ማን ነው ተብላ ብትጠየቅ፣ እንዴት አፏን ሞልታ እንደምትናገር አስባ ጨርሳ ነበር። በኮንቴይነሩ መስኮት ወደ ውጭ አየች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ኮን ይለቅማሉ፤ ሌላ ጊዜ ቆመው ያስለቅሙ ነበር እንጂ እጃቸውን አይነኩም። የሚያቆራርጣቸውን ወገባቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ነው። ስትበሳጭባቸው የከረመችው ሁሉ አንጀት የሚበላ ነገር ሆኖባት ቁጭ አለ። መኪናዎቹ ባይመጡ ኖሮ እኮ ጋሼን ደህና አደረጉ የሚላቸው ሰው አይኖርም ነበር። ያልወደቀ ሞተረኛ ማን መሆኑ አይታወቅም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተጠሪዋ እኔ ነኝ፤ ያስቆምኩትም እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ የሚለውን ሁሉ አለ። እሷም «እሺ» እያለች ሰማችው። ስልኩን ስትዘጋ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቀችም።

«ተሳስቻለሁ፣ ልጄ።»

«አዎ፣ ጋሼ። ተሳስተዋል።»

«ስድስቱም መጡ።»

«ስድስቱም መጡ።»

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላትና ወጡ። የዚያን ዕለት ማታ ፕሮግራም ነው፤ ኮኑን ሳይለቅሙ በፊት ጽፈውት ኖሯል። ያው ሦስት ዓምድ ነው። ከላይ ግን «ተጠሪ መሐንዲስ» ከሚለው ፊት የቀን ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ ስም ተጽፏል። የቀኑን መሐንዲስ እንዴት አድርገው እንዳሳመኑት ፈጣሪ ይወቅ፤ ያ ሰው ከመሸ በኋላ ለገዛ ሠርጉም አይወጣም። ዓይኗ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ሄደ።

«መሐንዲሷ ብትመጣስ፦ ከኮኑ እንዳታልፍ፤ ጥበቃው ይመልሳት። በጥበቃው ላይ ብትቆጣስ፦ ጥበቃው ይታገሥ። ብትደውልስ፦ አይነሣ። ሦስት ጊዜ ብትደውልስ፦ ደህና ነው የሚል መልእክት ይላክ። ልጅቷ አልተኛም ብትልስ፦ ተረት ይነገራት። ተረቱ ካለቀስ፦ እንደገና ይጀመር።» መጨረሻው ላይ «ባትደውልስ» ይላል፤ ከፊቱ ግን ምንም አልተጻፈም። ሥራው ከተጀመረ ጀምሮ ክፍት የተተወ ቦታ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቁ እንባ ይዞ መጣና በእጅጌዋ ጠረገችው።

ማታ ልጅቷ እውነትም አልተኛም አለች። ተረቱ አለቀ፤ እንደገና ተጀመረ። በሦስተኛው ዙር እናትየዋ ከልጇ ቀድማ አንቀላፋች፣ ባልየው መብራቱን አጠፋ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ያው የለመደችው እንቅልፍ ማጣት ቀሰቀሳት። ስልኩን አነሣች። አልደውልም አለች፤ ይቺን እንኳ አላስደስታቸውም። ልጇ ክንዷ ላይ ተጋድማ ትተነፍሳለች። ስልኩን እያየች በተጋደመችበት ጠበቀች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የጋሼ ትዕግሥት አለቀ፤ ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ስለማትደውዪ ነው። ስድስቱም በሰባት ተኩል ገብተዋል፤ መኪናዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ነክቻቸዋለሁ። እየነጠፍን ነው። ተኚ።»