ከሳባ ጀርባ የተወጠረው ጋቢ

የሕፃን ፎቶ የሚያበላሸው ሕፃኑ አይደለም፤ ከጀርባው የተሰለፈው ዓለም ነው። አላመናችሁም? ስልካችሁን ክፈቱ። ከልጁ አናት ላይ የመብራት እንጨት በቅሏል፣ በቀኙ ቢጫ ጀሪካን፣ በግራው የአንዲት አክስት ግማሽ እግር። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ዓይኑን አጨናብሳ ከአፍንጫው ሥር ጢም ስላበታለች። እኔ ከተሜ ነኝና ይህን ማረም እወዳለሁ። ልጁን ወደ በር ጥላ አስጠጉት፤ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ከጀርባው አንድ ንጹሕ ጨርቅ። በቃ።

ላሊበላ ቤት ያከራዩኝ እማማ ጥሩነሽ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሳባን "አሳምረህ አንሳልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። የሳባ እናት አለሚቱ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የሄደችው ልጇ ጡት ሳትጥል ነው። የምታሳድጋት በፎቶ ነው ማለት ይቻላል።

"ከጀርባዋ ምንም እንዳይታይ" አሉ እማማ።

ደስ አለኝ። የፎቶ ነገር የሚገባው ሰው አገኘሁ ብዬ።

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። የእማማ ባለቤት በቅርቡ አርፈዋል፤ ቤቱ ሁሉ ጥቁር ለብሷል። አለሚቱ ግን መርዶ አልተነገራትም። በሰው አገር ብቻዋን ማን ይዟት ታልቅስ? ስትመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል። እስከዚያ በደወለች ቁጥር አባቷ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ላሊበላ ላይ ይህ ያስኬዳል።

እማማ ከሳጥን ነጭ ጋቢ አወጡ። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን ጎረቤታቸው ወጥረው ከነጥቁር ልብሳቸው ከኋላው ተሸሸጉ። ሳባ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን አፈጠጠችበት።

"እማዬ እዚያ ውስጥ ናት?"

"አዎ" አልኳት።

ፊቷ በራ። ያን ብርሃን ከየት አመጣኸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ፎቶውን ላክነው። ሳይቆይ የአለሚቱ ድምፅ መጣ፤ እየሳቀች፣ እየተንሰቀሰቀች። "እንዴት አድጋለች! እማዬ፣ ጋቢው የአባዬ አይደል? ጫፉ ላይ የጠቀምኩት ስፌት ይታያል። በዚህ ብርድ እሱ ምን ለብሶ ነው?"

ብርሃኑን አሳምሬዋለሁ፤ ስፌቱ አንድ በአንድ ይታያል።

እማማ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። "አዲስ ተገዝቶለት ነው በላት። የእኔ ድምፅ ያሳብቃል።"

መቅጃውን ተጫንኩ። "አለሚቱ፣ ለአባትሽ አዲስ ጋቢ ተገዝቶላቸው ነው" አልኩ። መልሼ ስሰማው ከቃሌ ኋላ የእማማ ሳግ አለ። አጥፍቼ ደገምኩት። አሁንም አለ። ለድምፅ ከኋላው የሚወጠርለት ጋቢ የለም።