እምቢ የማያውቁት እጩ

እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው የሌለበት መንደር የለም። የብልባላ ገጠር ደግሞ ክቡር አቶ ሸጋውን ታድሎ ነበር። በሬ አውሱኝ ሲባሉ «እሺ፣ ምን ገዶኝ» ይሉና በማግስቱ ለራሳቸው እርሻ በሬ ፍለጋ ይዞራሉ። አንዴ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ተራ በተራ ቢያማክሯቸው ለሁለቱም «እውነትህን ነው» አሉ፤ ሁለቱም ምስክር አድርገው ቆጠሯቸው።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን የወረዳ ካድሬ መጣ።

«ጓድ ሸጋው፣ ለገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበርነት ትወዳደራለህ።»

«እሺ» አሉ።

«ሥራው ቀላል ነው። ኮታ ሲመጣ የጎረምሶቹን ስም መስጠት ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አላቸው፤ መንገድ ላይ ጎረምሳ ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ምነው አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ቢሉ?» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን።

«ካድሬውን? ሽጉጡን አላየሽውም?»

በምርጫው ቀን ሁለቱ እጩዎች ሜዳው ላይ ቆሙ፤ መራጩም ከሚፈልገው ሰው ኋላ ተሰለፈ። ተፎካካሪያቸው አዝመራው ነበር፤ ከቄስ፣ ከዳኛ፣ ከገዛ በቅሎው ጋር ሳይቀር የሚሟገት ሰው። ካድሬው እጩዎቹንም ጨምሮ ቆጠረ። አርባ ሦስት ለአርባ ሦስት።

እንደገና ሊቆጥር ሲል አቶ ሸጋው ከሰልፋቸው ፊት ወጡ። ሜዳውን አቋርጠው ከአዝመራው ሰልፍ ጭራ ላይ ቆሙ።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ጮኸ ካድሬው።

«እኔም አባል ነኝ፣ ጓድ። መረጥሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም በቅጡ አልተሰማቸውም።

ካድሬው ስማቸውን ደብተሩ ላይ ጻፈ። አቶ ሸጋው ወር ሙሉ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊወስዷቸው የመጡ እየመሰላቸው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። ማንም አልመጣም።

የመጣው ኮታው ነበር፤ አሥራ ሁለት። አዝመራው ወረዳ ወርዶ ሦስት ቀን ተሟገተ፤ ይህኛው ለእናቱ አንድ ነው፣ ያኛው ዕድሜው አልደረሰም እያለ ካድሬውን አደከመው። ዘጠኙ ሄዱ፤ ሦስቱ ቀሩ።

ልጆቹን ሸኝተው ሲመለሱ አዝመራው «አንተ ተመርጠህ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለቱንም ትሰጥ ነበር» አላቸው።

«የምን አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት» አሉ አቶ ሸጋው።