ጃፓኖቹን የጠበቅንበት ምሽት

ሐበሻ ድግስ ሲጠራ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለው፤ አንዱ ጥሪው ላይ የተጻፈው፣ ሌላው እሱ ከቤቱ የሚወጣበት። ጠሪው ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይጽፋል። ተጠሪው ደግሞ ጠሪው አስቀድሞ እንደሚጽፍ ስለሚያውቅ የበለጠ ይዘገያል። እንዲህ ስንተዋወቅ ኖረን፣ ማንም እውነቱን ሳይናገር ተገናኝተን በልተን እንለያያለን። እናንተ «እኔስ እንዲህ አይደለሁም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አይደለሁም። እኔ አዳራሽ አከራይ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው በመጠበቅ ነው።

አዳራሼ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ በኮሪያ ፀጉር ቤትና በሜክሲኮ ዳቦ ቤት መሐል ነው። ፈረንጆቹ ሁለት ሺህን በተሻገሩ ሰሞን ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ኅብረት ይደረግበት ነበር፤ ሌላ ሌላው ቀን ባዶ ነበር። ያን ባዶ ቀን የእህቴ ልጅ ቤቲ አየችው። ቤቲ እዚሁ ያደገች፣ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ቢሮ ውስጥ አካውንታንት የሆነች ልጅ ናት። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሦስት ጃፓናውያን ሴቶች ማናጀር ነበረች።

የባንዱ ስም ብሮክን አምብሬላ ነው፤ የተሰበረ ጃንጥላ ማለት ነው። ከኦሳካ የመጡ ናቸው። ዩኪ ትዘፍናለች፣ ጊታርም ትመታለች፤ ሁለቱ ጓደኞቿ ቤዝና ድራም ይዘዋል። ሙዚቃቸው ፖፕ ፓንክ ይባላል። ለማታውቁት፣ ዜማው የሕፃናት መዝሙር ነው፤ ፍጥነቱ ግን ፖሊስ የሚያባርረው ሰው ነው። ቀን ቀን ሱሺ እየጠቀለሉ፣ ማታ ዲኬተር ሰፈር አንድ ባር ውስጥ ለባሩ አስተናጋጅ ይዘፍኑለት ነበር። ከእሱ በቀር ሰሚ አልነበራቸውም።

አዳራሼ ውስጥ ሊለማመዱ ሲመጡ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ። ይህን ያዩት እትዬ ጽጌ ናቸው። እትዬ ጽጌ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የአስተናጋጆች ኃላፊና ወለሉንም የሚወለውሉልኝ ሴት ናቸው። «ሠላሳ ሐበሻ ሲረግጥብኝ የኖረውን ወለል ያከበሩልኝ እነዚህ ብቻ ናቸው» አሉና ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቼ ይሏቸው ጀመር። ጩኸቱን እንዴት እንደቻሉት አንድዬ ይወቅ።

አንድ ቀን ቤቲ እያለከለከች መጣች።

«አንክል፣ ላይክ፣ የሪከርድ ካምፓኒ ሰውዬ ሊያያቸው ነው። አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። አዳራሹ ባዶ ከሆነ፣ ዳን፣ አበቃላቸው! ኦሳካ ይመለሳሉ። ዩኪ የአባቷ ሱቅ ውስጥ ጃንጥላ ስትሸጥ ትኖራለች።»

ለካ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ልጅቷ አሳዘነችኝ። አዳራሹን መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ። ዝግጅቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ወገኔን የማውቅ ሰው፣ ለምእመኑ በሙሉ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ብዬ ተናገርኩ፤ ለሁለት ሰዓት በደንብ እንዲደርሱልኝ ማለት ነው። ብልጠቴ ራሴን አስደሰተኝ።

ያልቆጠርኩት እትዬ ጽጌን ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተነሥተው «ጃፓን ሰዓት አክባሪ ሕዝብ ነው። በባዕድ ፊት የሚያዋርደን ሰው ከእኔ ጋር ሰላምታም የለውም» ብለው ነበር። በተባለው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ጢም አለ። ሐበሻ፣ በሰዓቱ! የገዛ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከዚያም ፈራሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ላድርጋቸው? ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ኩኪሱን ጨረሱ። ሊወጣ ያሰበ ሁሉ በር ላይ እትዬ ጽጌን እያየ ተመለሰ።

ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሰውዬው ፓርክ አድርጎ ገባ። ጃፓኖቹስ? የሉም።

ይቅር በሉኝና፣ ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ልጆቹ እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ከርመዋል። በየሠርጉ በሰዓቱ እየመጡ ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጥጠዋል። ለካ ዩኪ «የሐበሻ ሁለት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው» ብላ፣ እኛን አክብራ፣ ቤቷ ተቀምጣ ፀጉሯን አረንጓዴ ትቀባለች። ቤቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንባዋ ይወርዳል። ሰውዬው እትዬ ጽጌን ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠብቁ ጠየቃቸው።

«ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በለው» አሉኝ፣ በቁጣ።

ነገርኩት። ሰውዬው ዞር ብሎ የታጨቀውን ሕዝብ አየ። ሽማግሌ፣ ነርስ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ሁሉም ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ቀስ ብለው ገቡ። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። እልልታው! ወደ ቤት የመሄጃው ሰዓት እንደቀረበ የገባው ሕዝብ እንዴት እንደሚያጨበጭብ አይታችሁ አታውቁም። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ላልታወቀ ባንድ እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም አለ። ቤቲ እውነቱን ልታስረዳው አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኩት።

ካምፓኒው አስፈረማቸው። የመጀመሪያው ሲዲ ወጣ፣ ሁለተኛው ተሸጠ፣ ቶኪዮ በቴሌቪዥን ታዩ። ከዓመታት በኋላ አትላንታ መሐል ከተማ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ መጡና ዩኪ ለሁላችንም ትኬት ላከችልን፤ ሁለት ሰዓት ይላል። ቤቲ ከባንዱ ጋር ቀድማ ገባች። እኛ በሦስት መኪና ተደራጅተን፣ እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን እስኪያገኙ ጠብቀን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሕዝቡ በላብ ተጠምቆ እየወጣ ነው።

ቤቲ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ተቆጥቷል፤ ያመለጠንን ነገረችን። ዩኪ ልክ በሁለት ሰዓት መድረክ ላይ ወጥታ «ማንም ሳያውቀኝ አራት ሰዓት ሙሉ የጠበቁኝ ሰዎች እነሆ» ብላ በእጇ ወደ ፊተኛው ረድፍ አመለከተች። መብራቱ በራ። ባዶ ወንበር ነው።

አንገቴን ደፋሁ፤ አፈርኩ። ወዲያው ዩኪ ራሷ በባዶ እግሯ ወጣችና እትዬ ጽጌ እቅፍ ውስጥ ገባች።

እትዬ ጽጌ ጀርባዋን እየመቱ፣ «አይ ልጄ» አሏት፣ «ሐበሻ ሆናችኋል ብለን እኮ ነው።»