ጥብቅ ምስጢር ወደ ሾኔ

በዚህ አገር አሻጊ ሞልቷል፤ የጠፋው ከፋች ነው! አትቆጡኝ... ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ሳሽግ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን ከመናገሬ በፊት መጀመሪያ ራሴን ገምግሜያለሁ። በምላሴ እያረጠብኩ የለጠፍኩት ፖስታ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር ከሆሳዕና ተነሥቶ ዱራሜ ደርሶ ይመለሳል። ስንቱን ከፈትክ ብትሉኝ ግን... ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ የቢፒአር ዘመን ነው። በየቢሮው ወንበር ሁሉ ቦታ ሲቀይር እኔ ብቻ ሳልነቃነቅ የቀረሁበት ዘመን። ያን ጊዜ ወደ መምሪያችን ብርቅነሽ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣች፤ የዶዮገና ልጅ፣ ንግግሯ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ሥራዋ የእኛን ቢሮና የሾኔውን ቢሮ በኮምፒውተር ማገናኘት ነው። ዓርብ ከክልል በሚመጡ ሰዎች ፊት ሆሳዕናና ሾኔ ከተነጋገሩ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልተነጋገሩ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኛ ዘንድና ሾኔ የተተከሉት አዳዲስ መሣሪያዎች የሚናገሩት የኢንተርኔቱን ስድስተኛ ቋንቋ ነው። በመካከል ያለው መስመር የሚያውቀው ደግሞ አሮጌውን አራተኛውን ብቻ።

«አምስተኛውስ የት ሄደ?» አልኳት።

«እሱን ይተዉት፣ ጋሼ።»

ተውኩት። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም፤ አይጠየቅም።

«ታዲያ መንገዱ እስኪለወጥ ልትጠብቂ ነው?»

«አልጠብቅም፤ ታነል እሠራለሁ።»

«መሿለኪያ? ከንብረት ክፍል አካፋ ላስወጣልሽ?»

ረጅሙን ሳቋን ሳቀችና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጅዎ ቆጮ ሲልኩለት እንዴት አድርገው ነው?»

«በኮባ ቅጠል እጠቀልለዋለሁ። ቅጠሉን ማዳበሪያ ውስጥ እከትና ስሙን ጽፌበት ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጣለሁ።»

«ሾፌሩ ውስጡ ቆጮ መሆኑን ማወቅ አለበት?»

«ባያውቅ ይሻላል!»

«በቃ ይኸው ነው። አዲሱን መልእክት አሮጌው ማዳበሪያ ውስጥ እከተዋለሁ። መንገዱ የሚያነበው የማዳበሪያውን አድራሻ ብቻ ነው። ሾኔ ሲደርስ ማዳበሪያው ይወልቅና ቆጮው ይወጣል።»

ዕድሜ ልኬን ሳላውቀው ኢንጂነር ሆኜ መኖሬን የዚያን ቀን ተረዳሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የሾኔው መሣሪያ የማንን ማዳበሪያ እንደሚከፍት እንዲያውቅ የእኛ መሣሪያ አድራሻ ሊጻፍበት ይገባል፤ አራት ቁጥር፣ በመካከሉ ሦስት ነጥብ። ብርቅነሽ ሾኔ ሄዳ ሁሉንም ጨርሳ ነበር፤ አድራሻው የተሰጣት ግን ከተመለሰች በኋላ ሆነና ቦታው ባዶ ቀረ። ስልክ ደወለች። ያነሣው የሾኔው መዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ኤርጃቦ ነው። መሣሪያውንም ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው።

«ቁጥሩን ልንገርዎትና ጸሐፊዋ ትጻፈው» አለችው።

«በቃል? ቁጥርና ቀን የሌለው ነገር እዚህ ቤት አይገባም!» ብሎ ዘጋው።

እኔ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ። ኤርጃቦን የመዝገብ ቤት ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኛ! «ለእኔ ተይው፣ ልጄ» አልኳት።

አራቱን ቁጥሮች በዚያ በታወቀው ጽሕፈቴ በደብዳቤ መልክ አሰፈርኩና አስፈርሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ፖስታውን ሌላ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ኮባና ማዳበሪያ! እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አጣ ነበር። ግን በውስጠኛው ፖስታ ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚለውን ማኅተም መታሁበት። ማን አዘዘህ? ማንም። ማኅተሙ ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ደርቆ ሳየው አሳዘነኝ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ ለሾፌር ሰጠሁት። ማክሰኞ ጸጥ። ረቡዕ ጸጥ። ብርቅነሽ ስክሪኑን እንደ በሽተኛ ታስታምመው ጀመር።

«ጋሼ፣ ፖስታው ውስጥ ምንድን ነው የከተቱት?»

«ቁጥሩን።»

«ሌላስ?»

«ትንሽ... ክብር።»

ሐሙስ በጠዋት ተሳፈርኩና ሾኔ ገባሁ። ከኤርጃቦ ጋር ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ በሐድይኛ አንድ በአንድ ተጠያየቅን። ወደ ሥራው ስንገባ ግን ሁለታችንም ሳንማከር ወደ አማርኛ ዞርን፤ የቢሮ ጠብ በሐድይኛ አይመችም።

«ደብዳቤው ደርሷል?»

«በሰዓቱ! የላዩን ከፍቼ ገቢ አደረግሁ። የውስጡ ጥብቅ ምስጢር ስለሚል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ኃላፊውስ?»

«ግምገማ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ግለ ሂሱን ሲጨርስ። ትናንት ተራው ገና አልደረሰውም ነበር።»

«ኤርጃቦ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አምጣና ልክፈተው!»

«ላኪ የላከውን አይከፍትም። ጥብቅ ምስጢርን ከኃላፊ በቀር ማንም አይከፍትም። ማን ነው ያስተማረኝ፣ ጋሼ?»

«እኔ...»

«በማስመሪያ እጄን እየመቱ!»

ባጎረስኩ ተነከስኩ እንዳልል፣ ያጎረስኩት ጥርሱን ነው።

ስልኬ ጮኸ። ብርቅነሽ ናት። «ጋሼ፣ እንግዶቹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ ተብሏል። ዕቃዬን ላስር?» አለችኝ። ረጅሙ ሳቅ ድምፅዋ ውስጥ የለም። «አታስሪ» አልኳትና ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ! አግዳሚውን ሆን ብላችሁ ጠባብ አድርጋችሁ አሠሩ ብዬ የመከርኩትም እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ላይ ሆኜ የገቢ መዝገቡ ተዘርግቶ አየሁት። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ፣ ጉዳዩ... ጉዳዩ! ማንም ሳይከፍት የሚያነበው!

ወረቀት ለመንኩና ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የሆሳዕናው መሣሪያ አድራሻ» አልኩና አራቱን ቁጥር ከነነጥባቸው ደርድሬ «ተብሎ በሾኔው መሣሪያ ላይ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ» ብዬ ዘጋሁ። ከሥሩ «ከሰላምታ ጋር» ብቻ። ቆጮውን ማዳበሪያው ላይ ለጠፍኩት ማለት ነው!

ኤርጃቦ ተቀበለኝ። ስሕተት እንዳይገባ ጉዳዩን ጮክ ብለህ እያነበብክ መዝግብ ብዬ ያስተማርኩት... አዎ፣ እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቁጥር፣ እያንዳንዱን ነጥብ እንደ ስብከት አነበበው። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘሐራ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ ታዳምጣለች። ሲጨርስ ቀና አለች።

«አቶ ኤርጃቦ፣ አሁን ይሄ ነገር ቁጥርና ቀን አለው አይደል?»

ኤርጃቦ መዝገቡን አየ። እኔን አየ። ተመልሶ መዝገቡን አየ። ቁጥር አለ። ቀን አለ። የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

«አለው» አለ በመጨረሻ። «ጻፊው።»

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጋሼ! ሾኔ መለሰ!» እዚህ ላይ ዓይኔን ያሸሁት የሾኔ አቧራ ገብቶብኝ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብ። ኤርጃቦ በበኩሉ ማመልከቻዬን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባና በጥብቅ ምስጢሩ ላይ አስቀምጦት ወጣ። «ኃላፊው ሲመለስ መልሱ በደብዳቤ ይደርስዎታል» አለኝ።

ዓርብ እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ምሳ በሉ፣ ሄዱ። ብርቅነሽ ቋሚ ሆነች።

በሳምንቱ ሰኞ አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ላኪዋ ብርቅነሽ ናት፤ ቢሮዋ ከእኔ ቢሮ አሥር እርምጃ አይሆንም። የላዩን ከፈትኩ። ውስጡ ሌላ ፖስታ። ስሜ ተጽፎበታል፤ ከስሜ በላይ ደግሞ «ጥብቅ ምስጢር» የሚለው የራሴ ማኅተም ጉብ ብሏል! ለካ ዓርብ ዕለት «ለአንድ አፍታ» ብላ የወሰደችው ለዚህ ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«ይክፈቱት እንጂ፣ ጋሼ!»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔማ ልከፍተው ጣቴን ሰድጄ ነበር... ኤርጃቦ ማስመሪያ ይዞ ትዝ አለኝ። ገቢ አደረግሁት፣ ቁጥርና ቀን ሰጠሁት፣ ወስጄ በኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ኃላፊያችን ግምገማ ላይ ነበሩ። ከግምገማው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

እስከ ዛሬ ምን እንደሚል አላውቅም። ብርቅነሽን መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ያ ደብዳቤ ምን ይል ነበር?»

«በቃል?» ትለኛለች።