ለወፍ ብሎ ባሕር የሚገባ ሰው

ወፍ ለማየት ብሎ ባሕር የሚገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን ፊት ለፊቴ የሚኖር ኑሩ የሚባል ታክሲ ነጂ ነው። ፓርኪንጋችን ወፍ በወፍ ነው፤ ታክሲው ላይ ሲጥሉበት እንኳ ቀና ብሎ አያያቸውም። እሱ የሚፈልጋት ጥልቅ ባሕር ላይ ብቻ የምትገኝ አንዲት ጥቁር ወፍ ናት። ቤንዚን እሳት በሆነበት ሰሞን እስከ ጋልቬስተን ባሕር ዳርቻ እየነዳ፣ በጀልባ እየወጣ ፈልጓት አጥቷታል።

አንድ ቀን «አባባ፣ ንጹሕ አየር ያገኛሉ» ብሎ እኔንም ጎተተኝ።

የብስ ከዓይናችን እንደጠፋ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ሳስመልስ ኑሩ ሮጦ መጣና ከኋላ ግንባሬን በሁለት እጁ ያዘልኝ። ሽማግሌ እያስመለሰው ግንባሩን የማይይዝለት ምን ዓይነት ሰው ነው? ችግሩ፣ ኑሩ ትውከት ካየ እሱንም ያስመልሰዋል። ሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ይኼኔ ያቺ ጥቁር ወፍ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ባሕሩ ላይ የተንሳፈፈው ቁርሴ ላይ አረፈች። እሷኑ ሊያዩ አብረውን የተሳፈሩት ፈረንጆች ጮኹ፣ ተቃቀፉ።

«አባባ፣ ምን መጣ? ጨረሱ?»

«ገና ነኝ! አጥብቀህ ያዝ!»

እንዳይለቀኝ ይሉኝታው፣ እንዳያይ ሆዱ ከለከለው። ዓይኑን ሲገልጥ ወፏ በልታ ሄዳለች።

ስንመለስ ሂውስተንን እንዳለፍን ወደ እኔ ዞር ብሎ «አባባ፣ ፕሊስ፣ ምን ትመስል ነበር?» አለኝ።

እኔ ውሸት አልወድም። «ዶሮ ታክላለች» አልኩት፤ «ምግብ ግን አትመርጥም።»